ሆድ ይፍጀው? ሆዱ ራሱ እየተፈጀ!

ዛሬ ፖለቲካ የለም፣ ኳስም የለም። ዛሬ የምናወራው ስለ አንጀት ነው። "ምነው ርዕስ ጠፋ እንዴ?" የምትሉ ካላችሁ፣ አልጠፋም። እንዲያውም ከዚህ የቀረበ ርዕስ ከየት ይመጣል? ከእምብርታችሁ ጀርባ ነው ያለው።

እስቲ አማርኛችንን ልብ በሉት። ያሳዘነን ሰው "አንጀቴን በላው" እንላለን። የልቡ የደረሰለት ሰው "አንጀቴ ራሰ" ይላል። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፣ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ፣ ለጥቅሙ ያደረው ሆድ አደር። የማይነገር ነገር የያዘ ደግሞ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ያልፋል። ሐዘኑንም፣ ትዕግሥቱንም፣ ምስጢሩንም የሚያሸክመው ለሆዱ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የምናሸክመው ሆድ ራሱ ምን ዓይነት ግድግዳ እንዳለው፣ ያ ግድግዳ በየቀኑ በምንውጠው ኪኒንና በምንምገው ሲጋራ ምን እንደሚሆን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? የሆድን ነገር ለሆድ ትተነዋል። ሆዱም እየፈጀው ሳይሆን እየተፈጀ ነው።

ነገሩን ከደልጊ እንጀምር። ደልጊን የማታውቁ ካላችሁ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ጣና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ዳር ማዶ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በዘጌና በቁንዝላ በኩል ወደ ጎርጎራ የሚሄደው መርከብ ለብዙ ዘመን ሲያውቃት የኖረ የሐይቅ ወደብ ናት። ደልጊን የመረጥናት እንደ እሷ ባለ ከተማ ጉልበት ዋናው ሀብት ስለሆነ ነው። ጫኝና አውራጁ ጀርባው ያመዋል። ዓሣ አስጋሪው ትከሻው ይቆረጥማል። ስታርም የዋለች ሴት ወገቧ አይላቀቃትም። ወባ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ እንግዳ አይደለችም፤ ስትመጣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዛ ነው የምትመጣው። ለዚህ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ኪኒን አለሽ?"

ኪኒኑም አይጠፋም። ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ከጎረቤት ይለመናል፣ ከቦርሳ ሥር ተፈልጎ ይወጣል። ስሙን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ "ያቺ ቀይዋ"፣ "ያቺ ረዘም ያለችው" ይበቃል። ደግሞ ይህ የደልጊ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር ካፌ ውስጥ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ፣ ከምርቃና ማግስት ዶርም ውስጥ ያለው ነገር ያው ነው። የተማረ ይሻላል እንዳትሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለላችሁ። የተጠየቁት የሕክምና፣ የፋርማሲና የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ። ታመን ነበር ካሉት መካከል 38.5 በመቶዎቹ ያለ ሐኪም ራሳቸውን አክመዋል፤ በብዛት የወሰዱትም ፓራሲታሞልንና እነ አይቡፕሮፌንን ነው። የነገ ሐኪሞቻችን እንዲህ ከሆኑ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እንግዲህ ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታንኳዋና ማሰሪያዋ

የአንጀታችን የውስጥ ግድግዳ ምን ያህል ውፍረት ያለው ይመስላችኋል? አንድ ሕዋስ ብቻ! አንድ ነጠላ ረድፍ። በአንድ በኩል ምግብ፣ አሲድ፣ ሐሞትና ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያ አለ። በሌላው በኩል ደም አለ። በመካከላቸው ያለው ያ ነጠላ ረድፍና በላዩ የተለቀለቀው ዝልግልግ ንፍጥ ነው። ስዊድናውያን ተመራማሪዎች በ2014 እንዳሰሉት የምግብ መተላለፊያችን የውስጥ ገጽ እጥፋቱ ሁሉ ቢዘረጋ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንዲት ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም በሉት። የዚያ ሁሉ ስፋት ጠባቂ ያ ስስ ረድፍ ነው። ሥራው ስለሚበዛበትም በየሦስት እስከ አምስት ቀኑ ራሱን አድሶ ይጨርሳል።

ሕዋሶቹ እርስ በርስ የተያያዙት በፕሮቲን ማሰሪያ ነው። ይህን ለመረዳት የጣናን ታንኳ ማሰብ ይበቃል። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ነጠላ ነጠላውን ምንም አይደለም፤ ጎን ለጎን ተደርድሮ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ግን ሰውም እህልም ተሸክሞ ሐይቁ ላይ ይንሳፈፋል። ማሰሪያው ሲላላ ደንገሉ ባይሰበርም ውኃው በየመካከሉ ይገባል። አንጀትም እንደዚያው ነው። ሕዋሶቹ ሳይሞቱ ማሰሪያቸው ብቻ ሲላላ ወደ ደም መግባት የሌለበት ነገር በየስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። ሰውነት ያንን ሲያይ እንደ ወራሪ ቆጥሮ ይዘምትበታል፤ ብግነት ይነሳል። ብግነቱ ደግሞ ማሰሪያውን ይበልጥ ያላላል። አዙሪት ነው።

ኪኒኗ ምን ታደርጋለች?

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ስቴሮይድ ያልሆኑ ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች ይባላሉ። አስፕሪን ከጀርመኑ ባየር ወጥታ በ1899 ገበያ ገባች። ሰው ለሰባ ዓመት ያህል እየዋጣት እንዴት እንደምትሠራ የሚያውቅ አልነበረም። በ1971 እንግሊዛዊው ጆን ቬን ምስጢሩን ፈታው። አስፕሪንና ዘመዶቿ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ቬን በዚህ ሥራው በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር ኖቤል ተሸልሟል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ፕሮስታግላንዲን ሁለት ሥራ አለው። ጉልበት ላይ ሲሆን ሕመምና እብጠት ይጠራል። ጨጓራና አንጀት ላይ ሲሆን ግን ዘበኛ ነው፤ ንፍጡ እንዲመረት፣ አሲድ የሚያከሽፈው ባይካርቦኔት እንዲወጣ፣ ለግድግዳው በቂ ደም እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ኪኒኗ ደግሞ "ይሄ የጉልበት ነው፣ ይሄ የአንጀት ነው" ብላ አትመርጥም። ሌባውን አሳድዳለሁ ብላ ዘበኛውንም አብራ ታስራለች። ጉልበት ሲሻለው አንጀት ያለ ጠባቂ ያድራል።

ይህ እንዲሁ መላምት አይደለም። ኢንግቫር ብያርናሶን የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክረውታል። በጎ ፈቃደኞቹ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ወይም ኢንዶሜታሲን ሁለት ጊዜ ብቻ ከወሰዱ በኋላ በጤናማ አንጀት ብዙም የማያልፍ መለኪያ ንጥረ ነገር እንዲጠጡ ተደረገ። ከዚያ በሽንታቸው ውስጥ ምን ያህሉ እንደወጣ ተለካ። በሦስቱም መድኃኒቶች የሚያልፈው መጠን ጨመረ። ማሰሪያው ላልቷል ማለት ነው፤ ያውም በወራት ሳይሆን በሰዓታት ውስጥ። ለደህና ሰው ይህ መላላት መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። ጥያቄው ለማያቆመው ሰው ነው።

ሦስቱ ማጽናኛዎቻችን

እዚህ ላይ "እኔን አይመለከተኝም" የሚሉ ሦስት ዓይነት ሰዎችን እናውቃለን።

አንደኛው "እኔ መርፌ ነው የምወጋው፣ ጨጓራ አይነካም" ባይ ነው። ዳይክሎፌናክ መርፌ በአገራችን ያለው ክብር ይገርማል! ጠንካራ መድኃኒት ማለት የሚወጋ ነው ተብሎ ተደምድሟል። እውነቱን ለመናገር መርፌው ጨጓራን በቀጥታ አይነካም፤ ግን መንካት አያስፈልገውም። ፕሮስታግላንዲንን የሚያስቆመው በደም ተሸክሞ ደርሶ ነው። ይባስ ብሎ ጉበት ዳይክሎፌናክን አሽጎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች እሽጉን ይፈቱታል፤ መድኃኒቱም በጓሮ በር አንጀት ውስጥ ገባ ማለት ነው። በመቀመጫ ተወግቶ በአንጀት መክፈል ይሏል ይኼ ነው። "እህል በልቼ ነው የወሰድኩት" የሚለውም እዚሁ መደብ ውስጥ ነው። እህሉ ማቃጠሉን ሊያቀል ይችላል፤ በደም የሚመጣውን ግን አያስቀርም።

ሁለተኛው "ኦሜፕራዞል ይዤበታለሁ" ባይ ነው። ይሄኛው ትንሽ አንብቧል። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል፣ ጨጓራንም በእርግጥ ይጠብቃል። ከጨጓራ በታች ያለውስ? በ2005 የታተመ ጥናት አለ። አርባ ጤነኛ ሰዎች ለ14 ቀን ዳይክሎፌናክ 75 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ወሰዱ፤ ጨጓራቸው እንዳይጎዳም ኦሜፕራዞል ተጨመረላቸው። ካሜራ ያላት ትንሽ እንክብል ውጠው ትንሹ አንጀታቸው ሲታይ ከመቶ 68ቱ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ጉዳት ተገኘ። ጤነኞች ነበሩ፤ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የወሰዱት፤ ኦሜፕራዞሉም ነበረ። ጃንጥላው ራስን አዳነ፣ እግር ግን በሰበሰ።

ሦስተኛው "የኔ ከአሜሪካ የመጣ ነው" ባይ ነው። ከዲያስፖራ ሻንጣ ሽቶና ቸኮሌት ሳይወጣ በፊት አድቪል ይወጣል። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ማለት ነው፤ እዚሁ መድኃኒት ቤት ከሚሸጠው ጋር አንድ ነው። አደጋው እዚህ ጋ ነው፤ ስሙ ስለተለያየ ብቻ ጠዋት አድቪል፣ ቀን አይቡፕሮፌን፣ ማታ ዳይክሎፌናክ የሚወስድ ሰው "ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሞክሬያለሁ" ይላል። የለም ወንድሜ፣ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ነው የሞከርከው።

ስፖርተኞችም አላችሁ። እኛ የሯጭ አገር ሰዎች ነን፤ ከሩጫ በፊት "ለቅድመ ጥንቃቄ" የሚውጥ አይጠፋም። ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ስናደርግ ደም ወደ ጡንቻ ስለሚሮጥ አንጀት ለጊዜው ይራባል፤ በዚህም ብቻ ትንሽ ይጎዳል። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት ጤነኛ ስፖርተኞች ብስክሌት ከመንዳታቸው በፊት አይቡፕሮፌን ሲወስዱ የአንጀታቸው ጉዳት ጨመረ፣ ማሰሪያውም ይበልጥ ላላ። ሳያም የተዋጠ ኪኒን ጥቅም የሌለው ዕዳ ነው።

ወደ ሲጋራው እንምጣ

ስለ ሲጋራ ሲነሳ ሁሉም ሳንባውን ይዞ ይቆማል። አንጀትን የሚያስታውስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ከሌላው ዓለም ሲታይ ትንሽ ነው። ትንሽነቱ ግን ለነጋዴ ተስፋ ነው። ጃፓን ቶባኮ በዚያው በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 መጨረሻ 434 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አደረሰው። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያወጣው ዛሬ ለሚያጨሱት 5 በመቶዎች ብቻ ይመስላችኋል? ገና ላልጀመሩት ለእኛ ነው እንጂ።

ኒኮቲን ሲጋራ ብቻም አይደለም። ሱረትም ኒኮቲን ነው፣ ጋያም ኒኮቲን ነው፣ ከጫት ጋር ያለችው "አንዲት ፍሬ ብቻ"ም ኒኮቲን ናት። ኒኮቲን የትም ይግባ የት ደም ውስጥ ነው የሚገናኘው።

አሁን የምንነግራችሁን ነገር አጫሾች በደስታ እንደሚቀበሉት እናውቃለን፤ ግን እውነት ስለሆነ አንደብቀውም። ኒኮቲን በአንጀት ላይ ሁለት መልክ አለው። በ1982 የካርዲፍ ሐኪሞች አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስተዋሉ፤ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት የማያጨሱ ሰዎችን ይበልጥ ያጠቃል። በ1989 የስዊድን ተመራማሪዎች "ማጨስ አንጀትን ያጠብቃልን?" ብለው ጠየቁ፤ የጤነኛ አጫሾች አንጀት ከማያጨሱት ያነሰ የመለኪያ ንጥረ ነገር ሲያሳልፍም አገኙ። በ1994 ደግሞ ኮላይተስ ላለባቸው 72 ሕመምተኞች በቆዳ የሚለጠፍ ኒኮቲን ወይም አስመሳይ ልጥፍ ተሰጠ። ኒኮቲን ካገኙት 35 ሰዎች 17ቱ ሕመማቸው ጠፋላቸው፤ አስመሳዩን ካገኙት 37 ሰዎች ግን 9ኙ ብቻ።

"ይኸው! እንዲያውም መድኃኒት ነው!" ብላችሁ ክብሪት ከመጫራችሁ በፊት ግን ሌላውን ግማሽ ስሙን። ያው ልጥፍ በሽታው እንዳይመለስ ይከላከል እንደሆነ ሲሞከር አልሠራም። የኮላይተስ ዘመድ የሆነው ክሮንስ የሚባለው በሽታ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሲጋራ ያባብሰዋል፣ ሕመምተኛውን ወደ ቀዶ ሕክምና ያቀርበዋል። ጨጓራና ዱዴነም ላይ ያለ ቁስል በአጫሽ ላይ ለመዳን ይዘገያል። ሲጋራ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ ከጣፊያ ጎረቤት ከቆሽት የሚወጣውን አሲድ አክሻፊ ባይካርቦኔትም እንዲሁ። ስለዚህ ማሰሪያው ጠበቀም አልጠበቀ፣ ደንገሉ ራሱ ውኃና ምግብ እየተነፈገ ነው። የደረቀ ታንኳ በገመድ ብዛት አይድንም። "ሲጋራ ሆዴን ያስኬድልኛል" የምትለዋ የጠዋት ምክንያትም ከዚህ አታልፍም፤ ኒኮቲን አንጀትን ያነቃንቃል እውነት ነው፤ ያነቃነቀ ሁሉ ግን አልጠቀመም።

ሐይቁም የራሱን ይጨምራል

ነገሩን በአውሮፓ አንጀት ላይ ብቻ ለክተን ብንተወው ከደልጊ ጀምረን ምን ሠራን? እኛ አገር አንጀት ባዶ ሜዳ አይደለም። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ እነ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 ኖቤል የተሸለሙበት፣ በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመረው ሰው ግማሽ ገደማ ላይ ይገኛል። በ2002 ላንሴት ላይ የወጣ የጥናቶች ጥናት እንዳሰላው ባክቴሪያውም ኪኒኑም የሌለበትን ሰው ባክቴሪያውም ኪኒኑም ካለበት ጋር ስናነጻጽር የሁለተኛው የቁስል አደጋ ወደ 60 እጥፍ ይጠጋል። ስድሳ እጥፍ! "ጨጓራ አለብኝ" የማይል ሰው በሌለበት አገር ዳይክሎፌናክ እንደ ማስቲካ መታደሉ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በጣና ዳር ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ትሎቹ የሚኖሩት አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው፤ እንቁላላቸው ወደ ውኃ ተመልሶ ቀንድ አውጣ እንዲያገኝ ግን የአንጀትን ግድግዳ ሰንጥቆ መውጣት አለበት። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚቀድ ሌባ በሉት። (እንዶድ እነዚያን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በ1964 ለዓለም ያሳየው የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ መሆኑን ሳናነሳ አናልፍም!) ጃርዲያ፣ መንጠቆ ትል፣ ታይፎይድ ሲጨመርበት፣ የሐይቅ ዳር ሰው አንጀት ያለ ኪኒንም ያለ ሲጋራም ሥራ በዝቶበታል። ያንን ታንኳ ነው እኛ ደርበን የምንጭነው።

"ታዲያ ሰው ይመመው?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኩንታል ተሸክሞ ለዋለ ሰው "ዕረፍ፣ ኪኒን አትዋጥ" ማለት ቀልድ ነው፤ ካረፈ የሚበላው የለም። ሕመም ቅንጦት አይደለም፣ ማስታገሻም ኃጢአት አይደለም። ሪህና የመገጣጠሚያ ብግነት ያለበት ሰው በሐኪም ምክር በእነዚህ መድኃኒቶች ነው ቆሞ የሚሄደው። ለልቡ በሐኪም ትዕዛዝ በየቀኑ አነስተኛ አስፕሪን የሚወስድ ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ እኛው ነን የምንጎዳው፤ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ክርክራችን ከመድኃኒቱ ጋር ሳይሆን ከስም የለሽነቱ ጋር ነው። ሰው የሚውጠውን ስሙን፣ መጠኑንና ማቆሚያውን ሳያውቅ መዋጡ ነው ያናደደን።

አማራጭም አለ። ለተራ ራስ ምታትና ትኩሳት ፓራሲታሞል ለአንጀት ግድግዳ ከነዳይክሎፌናክ በጣም ይሻላል። እሱም ልክ አለው፤ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ፍሬ አይለፍ፤ አረቄና ቢራ ካለበት ደግሞ ጉበት ስለሚጎዳ በሐኪም ምክር ከዚያም ያንሳል። ትኩሳት ያለው የሐይቅ ዳር ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማስታገሻ ሳይሆን የወባ ምርመራ ነው። ኪኒኗ ትኩሳቱን ትደብቃለች እንጂ ወባዋን አታባርርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ድሮ ሰውየው ነበር የሚደብቀው፤ አሁን ኪኒኑም ይደብቃል።

ከመድኃኒት ቤቶች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁልን፤ ጨጓራ ያምሃል ወይ? ሌላ ማስታገሻ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት እየወሰድክ ነው ወይ? ስንተኛ ቀንህ ነው? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዕድሜያቸው ከስልሳ ለዘለለ እናትና አባት ሲሆን ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይሁን፤ ደም የመፍሰሱ አደጋ ከዕድሜ ጋር ይጨምራልና።

ከመንግሥትም እንጠይቃለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጥሩ አዋጅ ነው። በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፣ ማስታወቂያን አግዷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል፣ የፓኮውን ፊት 70 በመቶ ለሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ሕጉ በወረቀት ላይ ሲያስፈራ በሱቅ በደረቴ ፊት ግን አይን አፋር ነው። በፍሬ የሚገዛ ልጅ ፓኮውን አያይም፤ ፓኮውን ያላየ ሥዕሉንም አያይም።

ከራሳችንስ? የምትውጡትን ስሙን አንብቡ፤ "ቀይዋ" ስም አይደለችም። ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ቀን አትውሰዱ። ከጥቂት ቀን በላይ ካስፈለጋችሁ ማስታገሻ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋችሁ። ጨጓራችሁ ካመማችሁ ኤች ፓይሎሪ ተመርመሩ፤ በመድኃኒት የሚጠፋ ነገር ነው። ሲጋራውን ስለ ማቆም ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አሁን አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይዛችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናቶቻችሁ ደውላችሁ ንገሩልን። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ከተጣበቀ፣ ትውከት የቡና አተላ ከመሰለ ወይም ደም ካለበት፣ ማስታገሻ ከሚወስድ ሰው ላይ ድንገተኛ ድካምና ማዞር ከታየ፣ ያ ነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው። ይህን የምንለው በዋዛ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሲዘጋ ኖሯል። ኢንዶስኮፒ ያለው ጎንደርና ባሕር ዳር ነው። በሰላም ቀን በሰዓታት የሚደረስበት ሆስፒታል በሌላ ቀን የማይደረስበት ሊሆን ይችላል። ከተማ መሐል የሚደማ ጨጓራ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው፤ ሐይቅ ዳር የሚደማ ጨጓራ ግን ሕክምናም፣ መንገድም፣ ዕድልም ያስፈልገዋል። ሦስቱ በአንድ ቀን ስለማይገጣጠሙ ነው መከላከሉ ላይ ሙጭጭ ያልነው።

ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ማሰሪያውን ሳያይ አይወጣም። ከሐይቅ ሲመለስም ደንገሉን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ያደርቀዋል፤ ሁልጊዜ ውኃ ላይ የዋለ ታንኳ እየከበደ ሄዶ እንደሚሰጥም ያውቃል። አንጀትም ማረፊያ ይፈልጋል። በየአምስት ቀኑ ራሱን የሚያድስ ግድግዳ ከእኛ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ትንሽ ፋታ ብቻ ነው።

አስተያየታችሁን እንጠብቃለን፤ "የኔ ጨጓራ ብረት ነው" የምትሉ ጀግኖችም ጻፉልን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!